የሺ የጠጣችው ተረት

ክረምት በመጣ ቁጥር ከጎረቤቶቼ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆቻቸው መጽሐፋቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ቆጥ ላይ ይወረውሩታል። እናቶቹን ስናገር "ይረፉ እንጂ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲማሩ ከርመው" ይሉኛል። እኔ አያስችለኝም። በየቤቱ ብቅ እያልኩ "ዛሬ ምን አነበባችሁ?" እላለሁ። "እማማ ድንቄ መጣች!" ብለው ልጆቹ በጓሮ በኩል ሲያመልጡ ኮቴያቸው ይሰማኛል። ሰውም ለራሷ ሳትማር ቀርታ ነው ይላል። ውሸት አይደለም፤ ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ያወቅኋትን ያህል ያወቅሁት ከየትም ለቃቅሜ ነው። የምጨቀጭቀው ግን በዚያ ብቻ አይደለም። ምክንያቴን ለማንም አስተካክዬ ነግሬ ስለማላውቅ ዛሬ ልጻፈው። ደስ የሚያሰኝ ነገር ፈልጋችሁ ከሆነ ከአሁኑ እለፉት።

ጣሊያን መተማን በያዘ በሁለተኛው ክረምት ነው። እኔ ጡት ያላወጣሁ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ከገባ ቆይቷል፤ ይኑር ይሙት አናውቅም። እናቴና እኔ በጋውን ሽንፋ ገበያ ዳር እንኖራለን፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ እንደ ሰዉ ሁሉ የሽንፋን ወንዝ ተሻግረን እርሻ ላይ እንሰፍራለን። ሰሊጡና ማሽላው የሚታረመው በክረምት ነው። ወንዙ ከሞላ በኋላ ወዲያና ወዲህ መባባል የለም፤ ማዶ ያለው ማዶ፣ ወዲህ ያለው ወዲህ ይከርማል።

በበጋ የምንማረው ከገበያው ዳር ካለው ከወፍራሙ የዲዛ ዛፍ ሥር ነበር። አስተማሪያችን የኔታ ከጎጃም የወረዱ ሰው ናቸው። ደብራቸው ሲቃጠል ከአንድ የፍየል ቆዳና ከአንድ የቀለም ቀንድ በቀር ምንም ሳይዙ ነው ቆላ የገቡት ይባላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናደዱ የሚስቁ ሰው ነበሩ። ቀለማቸውን ራሳቸው ከጥላሸትና ከግራር ሙጫ ይበጠብጡታል፤ ብራናውንም ራሳቸው ይፍቁታል። እኛን የሚያስቸግራቸው ነገር አንድ ነው፤ ክረምቱ።

"እናንተን ማስተማር በወንፊት ውኃ መቅዳት ሆነብኝ" አሉን አንድ ቀን። "ሰኔ ላይ ፊደል ይዛችሁ ትሻገራላችሁ፤ መስከረም ላይ አረም ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። እንደገና ሀ ሁ! እስከ መቼ?"

ያኔ ማንበብ የጀመርነው አራት ልጆች ብቻ ነበርን። እኔ፣ ጓደኛዬ የሺ፣ ዋሴ የሚባል ልጅና የሱቅ ነጋዴው ልጅ ኢድሪስ። የኢድሪስ አባት እስላም ናቸው፤ "ለንግድ ይሁነው፣ አማርኛውን አስቆጥሩልኝ" ብለው ነው ለየኔታ የሰጡት።

የኔታ በዚያ ዓመት አንድ ነገር አደረጉ። በጋውን ሙሉ ተደብቀው አንድ ረጅም ተረት በብራና ጽፈው ኖሯል። ሰኔ መጨረሻ ላይ አራታችንን ሰብስበው አሳዩን። አራት ቀጫጭን ጥራዞች ናቸው፤ ገና አብረው አልተሰፉም።

"ይኼ ስለ አንዲት አህያ ነው" አሉ። "ጌታዋ ነጋዴ ነበር፤ መንገድ ላይ ሞተባት። እሷ ግን ጭነቷን እንደተሸከመች ብቻዋን ንግዱን ቀጠለች። አገሯ ትግባ አትግባ ጽፌዋለሁ። ለእያንዳንዳችሁ አንዳንድ ጥራዝ እሰጣለሁ። ክረምቱን በየቀኑ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። ሰው ከጠፋ ለፍየል አንብቡ። ግን የራሳችሁን ለሌላው እንዳትነግሩ! በመስቀል ማግስት እዚሁ ዛፍ ሥር በተራ ታነቡታላችሁ፤ ያን ጊዜ ተረቱ ሙሉ ይሆናል። አንዳችሁ ፊደል ከረሳችሁ ለሁላችሁም ጎደለ ማለት ነው። ከዚያ እሰፋዋለሁ።"

"የኔታ፣ መጨረሻው የማን ነው?" አለ ኢድሪስ።

"የሺ ናት የምትይዘው።"

"ለምን እሷ?"

"ምስጢር ስለምትችል። አንተማ ገና አህያዋ ጀርባ ላይ ድልድል ሳይጫን ለገበያው ሁሉ ታወራዋለህ።"

ኢድሪስ አኮረፈ። ለእኔ ሦስተኛው ደረሰኝ። የሺ ጥራዟን እቅፍ አድርጋ ስትሄድ አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር፤ ጥርስ በጥርስ ሆና።

ከወንዙ ማዶ የእነ የሺ ጎጆና የእኛ ጎጆ ጎን ለጎን ነበር። አባቷ ጋሼ ፈንቴ በወንጭፍ የታወቀ ሰው ነው፤ ማሽላ ሲያሸት ከማማው ላይ ሆኖ የሚወረውራት ድንጋይ የፈለጋትን ወፍ ለይታ ትመታለች ይባልለታል። እናቷ እትዬ ብርቄ ሲበዛ ዝምተኛ ሴት ናት። ሌላ ልጅ የላቸውም።

ቀን እናርማለን። የዋልካው ጭቃ እግር አይለቅም፤ ትንኙ ዓይን ውስጥ ይገባል። ወደ ማታ ገደማ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እኔ በአንዱ ማሽላ ትልም የሺ በሌላው ገብተን እናነባለን። የእኔ ክፍል አህያዋ ኬላ የምትደርስበት ነው። ኬላ ጠባቂዎቹ ቀረጥ ከማን እንደሚቀበሉ ግራ ገብቷቸው ሲከራከሩ፣ አንዱ "ባለቤቱ ሞቷልና ይለፍ" ሲል፣ ሌላው "እንግዲያው ባለቤቷ እሷው ናት፣ ትክፈል" ሲል፣ እኔ ብቻዬን ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። መጨረሻው ላይ አህያዋ የሞላ ወንዝ ዳር ትደርሳለች። ፊት እግሮቿን ውኃው ውስጥ ታስገባለች። እዚያ ላይ ጥራዜ ያልቃል።

አንድ ቀን አልቻልኩም። "የሺ፣ የእኔዋ ወንዝ ዳር ቆማለች" አልኳት።

"አፍሽን ዝጊ! ሕጉን አፈረስሽ!"

"ትሻገራለች ወይስ አትሻገርም? እሱን ብቻ ንገሪኝ።"

"በመስቀል።"

"በሞቴ የሺ!"

"ሙቺ" አለችና ሳቀች። "ድንቄ፣ ብታውቂው እኮ! አህያዋ ምን እንዳደረገች ብታውቂው!" ሳቋ አላቆም ብሎ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። እኔም ምን እንዳሳቃት ሳላውቅ አብሬያት ሳቅሁ።

ከዚያ ነሐሴ ሲጋመስ፣ ጠራራ ፀሐይ በወጣበት ቀን፣ ሰሊጥ እያረምን ሳለ የሺ ቀና ብላ "በረደኝ" አለች። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። የቆላ ሰው "በረደኝ" የሚለውን ቃል ያውቀዋል። እትዬ ብርቄ የያዘችውን አረም ጣለች። ንዳድ ነው፤ የቆላ ወባ።

አንገረቡን፣ የጠፍር አልጋውን፣ ወደ ጎጆው አፍ አስጠግተው አስተኟት። ጠፍሩ በላብ ራሰ። የሚረዳ ነገር ቢኖር ኪኒን ብቻ ነው፤ ኪኒን ያለው ደግሞ ከወንዙ ወዲያ፣ በኢድሪስ አባት ሱቅ። ሽንፋ ያን ሰሞን ዛፍ ነቅሎ ይሄዳል። ጋሼ ፈንቴ ውኃው ጠርዝ ላይ ችካል ተከለ። ወንዙ ከጎደለ ችካሉ ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል፤ ከሞላ ይዋጣል። በየማለዳው እየሮጥኩ አይቼ እንድመጣ የተላክሁት እኔ ነበርኩ።

"እ?" ይላል ጋሼ ፈንቴ ከሩቅ ሲያየኝ።

"ጠፍቷል" እላለሁ።

ሌላም ችካል ይተክላል፤ ያም ይጠፋል።

የሺ መናገር የምትችለው ማለዳ ማለዳ፣ ትኩሳቱ ጥቂት ሲለቃት ነው። አንድ ጠዋት ስገባ እትዬ ብርቄ የየሺን ጥራዝ ጭኗ ላይ አድርጋ ስፌቱን በቢላ ስትፈታ አገኘኋት። ከጎኗ ውኃ የያዘ ቅል አለ።

"ምን ልታደርጊ ነው እትዬ?" አልኳት።

"ላጥበው ነው።" ቀና ብላ አላየችኝም። "የኢድሪስ እናት ልጇ ታሞ ሳለ፣ ሼሁ በእንጨት ሉሕ ላይ የጻፉለትን በውኃ አጥባ አጠጣችው፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ልጁ ተነሣ። የእኛስ ጽሕፈት ከማን ያንሳል? የኔታ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ እጃቸው የተባረከ ነው። እስቲ ምን አለኝ ሌላ?"

እንግዲህ እዚህ ላይ አስቡት። እትዬ ብርቄ ፊደል አትለይም። ለእሷ በብራና ላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈ ሁሉ ጸሎት ነው፤ ቆላ ውስጥ ሌላ ዓይነት ጽሕፈት አይታም አታውቅ። እኔ ደግሞ አውቃለሁ። ጥራዙ ስለ አህያ ነው።

"እትዬ፣ ይኼ እኮ…" ስል የሺ ከአንገረቡ ላይ እጄን ያዘችኝ። እጇ ያቃጥላል። ዓይኗን አፍጥጣ ራሷን ነቀነቀችብኝ።

"እሜ" አለች ለእናቷ፣ "መጀመሪያ ላንብበው። ከማጠብሽ በፊት።"

"አንብቢው ልጄ፣ አንብቢው። ሲነበብማ ይበልጥ ይሠራል።"

እናቷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ በሹክሹክታ "ለምን አልነገርሻትም?" አልኳት።

"ነግረናት ምን ልትሠራ ነው? ቁጭ ብላ ልታየኝ?" አለችኝ። "ተያት፣ ትጠብ። እኔ በቃሌ እይዘዋለሁ። እያንዳንዱ የብራና ቅጠል ከመታጠቡ በፊት አነባለሁ፣ አነባለሁ፣ ከዚያ እሰጣታለሁ። በመስቀል ብራናው ነጭ ቢሆንም እኔ እለዋለሁ። የኔታ ይገረማሉ።"

"እንግዲያው ለእኔም ንገሪኝ። ሁለት ሆነን እንያዘው።"

ይህን ስላት ፊቷ ላይ ያ የወትሮው ተንኮሏ መጣ። "ብልጥ ነሽ! በበሽታዬ ልትሰሚ? በመስቀል አልኩሽ። ይልቅ ጆሮሽን ድፈኚ።"

ደፈንኩ። ልጅ ነበርኩ፤ ሕግ ሕግ ነው። ደግሞም እንደምትድን አልተጠራጠርኩም። በሁለት መዳፌ ጆሮዬን ይዤ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ፤ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የምትለው አይሰማኝም። ትከሻዋ ግን በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፤ አንዳንዴ ሳቁ በመዳፌ ውስጥ አልፎ ይገባል። ስትጨርስ ቅጠሉን ለእናቷ ታቀብላለች። እትዬ ብርቄ አማትባ በጣቷ ታሸዋለች፤ የየኔታ ቀለም ሙጫው እየለቀቀ ውኃው ይጠቁራል። የሺ ዓይኗን ጨፍና ትጠጣዋለች።

"ዛሬ ምን ጠጣሽ?" እላታለሁ እናቷ ዞር ስትል።

"ጅራቷን።"

"ምን ምን ይላል?"

"ጥላሸት ጥላሸት። የአህያ ጅራት ግን ከዚህ የተሻለ ምን ምን ሊል ነበር?"

እንዲህ እየተባባልን የሰነበትን ጊዜ፣ ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅሁበት ጊዜ የለም። ወዲያው ደግሞ ቀትር ይመጣል፤ ትኩሳቱ ይነሣል፤ የሺ እኔን "አንቺ ማነሽ?" ትለኛለች። ዓይኗ ቢጫ እየሆነ መጣ። እናቴ ማታ ማታ ከእትዬ ብርቄ ጎጆ ስትመለስ ፊቷን ሸፍና ትተኛለች።

ከዚያ አንድ ማለዳ ስሮጥ ብሄድ ችካሉ ቆሟል! ጭቃ ለብሶ፣ ደረቅ መሬት ላይ። ጩኸቴን ጋሼ ፈንቴ ከእርሻው ሆኖ ሰማው። ልብሱን ራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ የደረቀ ግንድ አቅፎ ገባ። ውኃው እስከ አገጩ ድረስ ይይዘዋል፤ ይጥለዋል፤ ይነሣል። ወዲያ ማዶ ሲወጣ እናቴ እልል አለች።

ቶሎ ሊመለስ ነበር። ግን ወደ ደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ወንዙ ከላይ እየጮኸ መጣ። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ፈንቴ ወዲያ ማዶ ብቅ ሲል ሽንፋ እንደገና ሙሉ ነው። ቆመ። እኛም ወዲህ ቆምን። የተቋጠረች ጨርቅ ከፍ አድርጎ አሳየን። ኪኒን!

በሰው ዕድሜ እንደዚያ ዓይነት ነገር ማየት አይግጠማችሁ። መድኃኒቱ ይታያል፤ ቋጠሮውን የያዘው እጅ ይታያል። መሐል ላይ ውኃ ብቻ ነው ያለው።

ሁለት ጊዜ ሊገባ ሞከረ፤ ወንዙ ገፍቶ መለሰው። እትዬ ብርቄ ከዚህ ማዶ "ተው! አንተም እንዳትቀርብኝ!" እያለች ትጮኻለች፤ ድምፅዋን እንደዚያ ስታወጣ ሰምቼ አላውቅም። ቆይቶ ጋሼ ፈንቴ ከወገቡ ወንጭፉን ፈታ። የሚያደርገው ገባን። ኪኒኑን ሁለት ቦታ ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ከድንጋይ ጋር በጨርቅ አሰረ። የመጀመሪያውን አሽከርክሮ ለቀቀው። ወፍ የማይስተው ሰውዬ ያን ቀን ሳተ፤ ቋጠሮው ውኃው መሐል ወደቀ። ጋሼ ፈንቴ ተንበርክኮ ግንባሩን ጭቃው ላይ አደረገ። ከዚያ ተነሥቶ ሁለተኛውን ወረወረ፤ ያ ከራሳችን በላይ አልፎ ከኋላችን ሣሩ ውስጥ ገባ።

የነሐሴ ሣር ሰው ይውጣል። እናቴ፣ እትዬ ብርቄና እኔ በእንብርክክ ፈለግን። ሣሩ እጃችንን ይቆርጣል፤ ፀሐይዋ ትወርዳለች። እኔ በልቤ አህያዋን እለምን ነበር፤ ማንን መለመን እንዳለብኝ ጠፍቶኝ። ያገኘሁትም እኔ ነበርኩ። ድንጋዩ ኪኒኑን አድቅቆት ዱቄት ሆኗል፤ ግን ደረቅ ነው። በጨርቁ እንደተቋጠረ ደረቴ ላይ ይዤ ሮጥኩ።

የሺ ነቅታ ነበር። በእጇ የመጨረሻዋን ቅጠል ይዛለች።

"የሺ! መጣ! ኪኒኑ መጣ!"

"ቆይ" አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ትንፋሽ ነው። "ልጨርሰው። ጆሮሽን።"

"ኧረ የሺ…"

"ጆሮሽን አልኩሽ!"

ያዝኩ። ከንፈሯ ቀስ ብሎ ሄደ፤ እየቆመ፣ እየቀጠለ። መጨረሻ ላይ ፈገግ አለች። ሳቅ የሚሆን አቅም አልነበራትም። ቅጠሉን ከኋላዬ ለደረሰችው ለእናቷ ዘረጋች። እትዬ ብርቄ አጠበችው፤ ያንን ጥቁር ውኃ ከኪኒኑ ዱቄት ጋር በጥብጣ ለልጇ አጠጣቻት። የሺ ፊቷን አኮማተረች።

"መጨረሻው ይመራል" አለችና አየችኝ። ቀልዷ ነው።

ያ ነው የመጨረሻ ንግግሯ። ሲነጋ አልነቃችም። አባቷ ወዲያ ማዶ ቆሞ የእናቷን ልቅሶ ሰማ። ልጁን ሳይቀብር ቀረ፤ ወንዙ አላሳለፈውም።

በመስከረም ወንዙ ሲጎድል ተሻገርን። ገበያው ዳር የሰማነው ሌላ ነው። ጽሕፈት የሚያውቅ ሁሉ ለአርበኛ ደብዳቤ ይጽፋል ተብሎ ወታደሮች የኔታን ወስደዋቸዋል። የት እንደወሰዷቸው የሚያውቅ የለም። እስከ ዛሬ የለም። የቀለም ቀንዳቸው ብቻ ዲዛው ሥር ተደፍታ አገኘናት።

ቢሆንም በመስቀል ማግስት ሄድን። ማን ጠራን ብትሉኝ ማንም። ዋሴ መጣ፣ ኢድሪስ መጣ፣ እኔ ሄድኩ። ክረምቱን አንብበን ስለነበር ፊደሉ ከእጃችን አልጠፋም። ገና ልንጀምር ስንል እትዬ ብርቄ ከል ለብሳ መጣች። በነጠላዋ ጫፍ የጠቀለለችውን ፈትታ መሐላችን አኖረችው። የየሺ ቅጠሎች ናቸው፤ ነጫጭ፣ ደርቀው የተጨማደዱ።

"አንብቡ" አለችና ተቀመጠች።

ዋሴ አነበበ፤ ነጋዴው ሞተ። ኢድሪስ አነበበ፤ አህያዋ ብቻዋን ገበያ ገባች። ኢድሪስ የሚያስቀው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ፤ ማንም አልሳቀም። እኔ አነበብኩ፤ ኬላውን አለፈች፤ የሞላ ወንዝ ዳር ደረሰች፤ ፊት እግሮቿን ውኃው ውስጥ አስገባች።

ተራው የየሺ ነው። ኢድሪስ ነጮቹን ቅጠሎች አየ፤ እኔን አየ።

"ልጄ ድንቄ" አለች እትዬ ብርቄ፣ "አጠገቧ የነበርሽው አንቺ ነሽ። እስቲ የእሷን አንብቢልኝ።"

ምን ልበላት? ጆሮዬን ደፍኜ ነበር ልበላት? ነጩን ቅጠል አነሣሁ። ዓይኔን እዚያ ባዶ ላይ ተክዬ መናገር ጀመርኩ። አህያዋ ወደ ሰማይ ቀና አለች አልኩ። መልአክ መጣ አልኩ፤ ወንዙን ከፈለላት፤ ተሻገረች፤ አገሯ ገባች፤ ጌታዋ በነጭ ልብስ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቃት አልኩ። ቅጠሉን እንደሚያነብ ሰው እየገለበጥኩ፣ እያለቀስኩ፣ እናት የሚያጽናና መስሎ የታየኝን ሁሉ አልኩ። በሕይወቴ የፈጠርኩት የመጀመሪያው ተረት ያ ነው።

ስጨርስ እትዬ ብርቄ ነጩን ቅጠል ከእጄ ወሰደች።

"ይኼ አይደለም" አለች።

"እትዬ…"

"አይደለም ልጄ። እሷ ስታነበው ትስቅ ነበር።" ቅጠሎቹን አንድ በአንድ መሰብሰብ ጀመረች። "ጸሎት አለመሆኑንማ ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ጸሎት እያነበበ የሚስቅ ሰው የት አይቼ? ዝም ያልኩት ከእሱ በቀር የማደርገው ስላልነበረኝ ነው። ምን እንዳሳቃት ግን ማወቅ እፈልግ ነበር። እሱን ብቻ ነበር የፈለግሁት።"

ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንሥታብኝ አታውቅም።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ያነሣሁት ንባብ ሰው ያድናል ልላችሁ አይደለም። የሺን አላዳናትም። የኔታንም ያስወሰዳቸው ጽሕፈታቸው ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ ባገኘሁት ወረቀት ሁሉ፣ የሱቅ መጠቅለያም ይሁን፣ እያነበብኩ አረጀሁ፤ እንዲህ ጥቂት መጻፍም ቻልኩ። ያቺን ነገር ግን የትም አላገኘኋትም። ብዙ ሰው ጠይቄአለሁ፤ ተረቱን የሰማ የለም። የኔታ ለእኛ ብለው የፈጠሩት ነበረና።

ክረምት ገብቶ ልጆቻችሁ መጽሐፍ ሲሰቅሉ የማያስችለኝ ለዚህ ነው። የአሥር፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሲያነብና ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁት፣ ሥራችሁን ተዉትና "ምን አሳቀህ?" በሉት። "ምን አሳቀሽ?" በሏት። "ቆይ በኋላ" ካለቻችሁ እሺ አትበሉ። ሰፈራችን ያሉትንማ እኔ እሰበስባቸዋለሁ፤ ያመለጠው አምልጦ የቀረውን። የአህያዋን ተረት እስከ ወንዙ ድረስ እነግራቸውና ከዚያ በየክረምቱ ሌላ መጨረሻ እሠራለሁ። አንዱ ዓመት በግንድ አሻግራታለሁ፣ አንዱ ዓመት አሣ ትሸከማታለች። ልጆቹ ይስቃሉ። ልጅ ነው፣ ይስቃል። እኔ ግን ሳቃቸውን አዳምጥና የየሺ ዓይነት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ስለዚህ አህያዋ እስከ አሁን ወንዙ ዳር ናት። ፊት እግሮቿ ውኃው ውስጥ ናቸው።